ለትልልቅ አውሬዎች አደን የሚሆን ፓምፕ ጠመንጃ፦ አገዛዙ፣ ምርመራውና ማመቻቸቱ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ፓምፕ ጠመንጃ ከሌላው በምን ይለያል?

የሚቀባበለው የፊት እጀታውን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት በመመለስ ነው። እጀታው ወደ ኋላ ሲመጣ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይተፋል፣ ወደ ፊት ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ጉንጭ ከሰደፉ፣ ዓይን ከማነጣጠሪያው፣ ቀኝ እጅም ከቃታው አካባቢ ሳይነሳ ሁለተኛው ጥይት ዝግጁ ይሆናል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ አጋዘን በዛፎች መሃል የሚታየው ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ የጠመንጃው ዋና ጥቅም ይህ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በብዛት የሚታይበት ሌላ ምክንያት አለ፦ የግዛቲቱ ሕግ አጋዘንን በሴሚ-ኦቶማቲክ (ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሱ በሚያቀባብል) ጠመንጃ ማደን ይከለክላል፤ ከሚፈቀዱት ውስጥ ፈጣኑ ፓምፑ ነው። ቬርሞንት ውስጥ በበረዶ ላይ ዱካ ተከትለው አጋዘን በማደን ስማቸው የታወቀው ላሪ ቤንዋም የሚይዙት ሬሚንግተን 760 የተባለውን ፓምፕ ነበር።

ድክመቱንም ከመግዛትዎ በፊት ይወቁት። የቦልት ጠመንጃ (ከጎኑ ባለ እጀታ ቦልቱን፣ ማለትም የጥይት ቤቱን የሚዘጋውን ብረት፣ በእጅ እየከፈቱ የሚያቀባብሉት) እጀታ ወደ ላይ ሲነሳ የተጣበቀ ቀለህን ፈንቅሎ የሚያላቅቅ ጉልበት አለው። ፓምፑ ይህ ጉልበት በጣም ያንሰዋል፤ ቀለሁን የሚያወጣው በክንድዎ ጉልበት ቀጥ ብሎ በመሳብ ነው። ስለዚህ የጥይት ቤቱ (ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ንጽሕናና የጥይቱ ጥራት ከሌላ ጠመንጃ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ይፈለጋሉ። ከዚህ በታች ከሚነሱት ችግሮች ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ነው።

የትኞቹ ሞዴሎች አሉ? አዲስ ይገኛል?

ገበያው ላይ በብዛት የሚገኙት የሬሚንግተን 760 «ጌምማስተር» እና ተከታዩ 7600 ናቸው። 760 ከ1952 እስከ 1981 (እ.ኤ.አ.) ተሠራ፤ ከዚያ በ7600 ተተካ። ከእነሱ በፊት ሞዴል 14 እና 141 ነበሩ፤ ጥሩ ጠመንጃዎች ቢሆኑም ዛሬ ይበልጥ የሰብሳቢ ዕቃ ናቸው። ብራውኒንግ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ቢ.ፒ.አር. የተባለ ፓምፕ ለጥቂት ዓመታት ሠርቷል። የጀርመኑ ክሪግሆፍ ሴምፕሪዮ ደግሞ በተቃራኒው የሚሠራ ነው፤ እጀታው መጀመሪያ ወደ ፊት ይገፋል።

ሬሚንግተን በ2020 ለኪሳራ ሕግ አመልክቶ ንብረቱ ተከፋፍሎ ተሸጧል፤ እነዚህ ጠመንጃዎች ይሠሩበት የነበረው የኢሊዮን፣ ኒው ዮርክ ፋብሪካም በ2024 ተዘግቷል። ስለዚህ የሚገዙት ያገለገለ እንደሚሆን አስበው ይነሱ። ይህ የሚያስፈራ አይደለም፤ አብዛኞቹ በዓመት አንድ ሳጥን ጥይት እንኳ ያልተተኮሰባቸው ናቸው።

760 ልግዛ ወይስ 7600?

ሁለቱም ለሥራው ይበቃሉ። በ760 ቦልት ራስ ላይ 14 ትናንሽ መቆለፊያ ጥርሶች አሉ፣ በ7600 ደግሞ አራት ትልልቅ። አራቱ ለማጽዳት ይቀላሉ። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ሰደፉ ላይ ነው፦ ብዙዎቹ የድሮ 760ዎች ሰደፋቸው ዝቅ ያለና ለዓይን ማነጣጠሪያ የተቀረጸ ሲሆን 7600 ለመነጽር (ጠመንጃው ላይ ለሚጫነው አጉልቶ ማነጣጠሪያ) የሚመች ከፍ ያለ የጉንጭ ማሳረፊያ ያለው ሆኖ በብዛት ይገኛል። መነጽር የሚጭኑ ከሆነ ይህን ይመዝኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሬሚንግተን 742 «ዉድስማስተር» ከ760 ጋር ሲታይ መንታ ይመስላል፤ ግን ሴሚ-ኦቶማቲክ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። 742 በተተኮሰ ቁጥር ቦልቱ የሚሄድበትን ሐዲድ እየቆረጠ የሚያበላሽ የታወቀ ችግር አለበት፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥም ለአጋዘን አይፈቀድም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በጎኑ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ።

የተሠራበትን ዘመን ማወቅ ከፈለጉ በበርሜሉ ግራ ጎን፣ ከጠመንጃው አካል አጠገብ የተመቱትን ትናንሽ ፊደላት በማጉያ መነጽር ይዩ። የመጀመሪያው ፊደል ወሩን፣ ሁለተኛው ዓመቱን ያመለክታል። የወሮቹ ፊደላት ከጥር ወደ ታኅሣሥ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በቅደም ተከተል ቢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ሲ፣ ኬ፣ ፒ፣ ኦ፣ ደብልዩ፣ ዲ፣ ኢ፣ አር፣ ኤክስ ናቸው። በርሜሉ ተቀይሮ ከሆነ ግን ፊደሉ የሚናገረው ስለ በርሜሉ ብቻ ነው።

የትኛው ካሊበር (የጥይት ዓይነትና ልክ) ይሻላል?

የምንመክረው .30-06 ስፕሪንግፊልድ ነው። 180 ግሬን (11.7 ግራም) አረሩ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከአጋዘን እስከ ሙስ (ትልቁ የአጋዘን ዘር) ድረስ ይበቃል፣ ጥይቱም በየትኛውም መደብር ይገኛል፣ ያገለገሉት ፓምፖችም በብዛት በዚሁ ካሊበር ናቸው።

ለአጋዘን ብቻ ከሆነ .270 ዊንቸስተር እና .308 ዊንቸስተር እኩል ያገለግላሉ። .243 ርግጫው ቀላል ስለሆነ ለጀማሪ ትከሻ ይመቻል፤ ለሙስና ለትልቅ ድብ ግን አይያዝ። .35 ዌለን በ200 ግሬን አረር በሰከንድ 815 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ ለቅርብ ርቀትና ለከባድ አውሬ ተወዳዳሪ የለውም ብንል አልተጋነነም። ጥይቱ ግን ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም።

በበርሜሉ ላይ ከተጻፈው ሌላ ጥይት ፈጽሞ አያጉርሱ። አጭሩ .308 የ.30-06 ጥይት ቤት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን ቀለሁ ተሰንጥቆ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ሁለቱም ካሊበር ቤትዎ ውስጥ ካለ ጥይቶቻቸውን በአንድ ቦርሳ አይያዙ።

የሚያድኑበትን ግዛት ሕግም አስቀድመው ይዩ። ማሳቹሴትስ አጋዘን በራይፍል (በርሜሉ ውስጡ በጠመዝማዛ የተቦረቦረ ጠመንጃ፤ እነዚህ ፓምፖችም ራይፍል ናቸው) ማደንን አይፈቅድም፤ ኦሃዮ ለአጋዘን በራይፍል የሚፈቅደው ቀጥ ያለ (አንገቱ ያልጠበበ) ቀለህ ያላቸውን ጥይቶች ብቻ ስለሆነ .30-06 እዚያ ለአጋዘን አይሆንም።

አሜሪካ ውስጥ ለመግዛት ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ፈቃድ ካለው ነጋዴ ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት በፌዴራል ሕግ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ እንደ ፍሎሪዳ ያሉ ግዛቶች 21 ይጠይቃሉ። ነጋዴው ፊት ፎርም 4473 ይሞላሉ፣ የመኖሪያ አድራሻዎ ያለበት መታወቂያ ያሳያሉ፣ ነጋዴውም ስምዎን በኤፍ.ቢ.አይ. የማጣሪያ ሥርዓት (ኒክስ) በኩል ያስጣራል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ይመጣል፤ «ይቆይ» ከተባለ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ኢሊኖይና ኒው ጀርሲ አስቀድሞ የግዛቱን መታወቂያ ካርድ ማውጣት ይጠይቃሉ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ በዲቪ የገባውም ጭምር፣ መግዛት ይችላል፤ ቅጹ ላይ የኤ ቁጥሩን (የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥሩን) ይጽፋል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ ደረጃ ጠመንጃ መያዝም ጥይት መያዝም ተከልክሏል። ከሕጉ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ በአሜሪካ ግዛት የተሰጠና ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ ሰው ከመግዛቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ፤ እዚህ ላይ የሚፈጸም ስህተት ለእስርና ከአገር ለመባረር ሊዳርግ ይችላል።

ቅጹ ላይ ሰዎች ሳያስተውሉ የሚያልፉት ጥያቄ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚጠይቀው ነው። ማሪዋና በግዛትዎ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑን ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት መደብ ነው። በሐሰት መልሶ መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ለወንድሜ በእኔ ስም ልግዛለት?

አይሆንም። የሌላ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ለዚያ ሰው ገዢ መስሎ መፈረም ወንድም ቢሆንም የፌዴራል ወንጀል ነው። በራስዎ ገንዘብ ገዝተው መያዝ ለሚፈቀድለት ሰው በስጦታ መስጠት ይቻላል። ወንድምዎ በሌላ ግዛት የሚኖር ከሆነ ጠመንጃው እሱ በሚኖርበት ግዛት ባለ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይተላለፍለት።

ያገለገለ ስገዛ ምን ምን ልመርምር?

አሥር ደቂቃና ትንሽ የእጅ ባትሪ ይበቃዎታል። መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ እጀታውን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ የጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ።

ከሁሉ በፊት የጥይት ቤቱን ይዩ። በቀለህ መውጫው በኩል ብርሃን አስገብተው ግድግዳውን ይመልከቱ። ጤነኛ ከሆነ እንደ መስታወት ያበራል። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ፈንጣጣ የመሰለ ጉድጓድ ካለበት ዝገት በልቶታል ማለት ነው። በእርጥብ ቀን ታድኖበት ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ የከረመ 760 ላይ ይህ በተደጋጋሚ ይታያል። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ያብጥና በእነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ይነክሳል፤ ከዚያ እጀታው በሁለት እጅ ቢሳብም አይመጣም። ቀላል ነጠብጣብ ጠመንጃ ጠጋኝ ሊያለሰልሰው ይችላል። ጥልቅ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ይተዉት።

ቀጥሎ እጀታውን ደጋግመው ያቀባብሉ። ትንሽ መንቀጥቀጥና መንኳኳት በተፈጥሮው አለበት፤ መሃል መንገድ ላይ የሚያዝ ከሆነ ግን ቦልቱን የሚገፉት ሁለት ዘንጎች ጎብጠው ሊሆን ይችላል። ቦልቱ ከተዘጋና መዶሻው ከተወጠረ በኋላ እጀታው ተቆልፎ መቅረት አለበት፤ የሚለቀው በቃታ ጠባቂው ፊት በግራ በኩል ያለችው ትንሽ ቁልፍ ስትጫን ብቻ ነው። ቁልፏን ሳይነኩ የሚከፈት ከሆነ አይግዙ።

ሴፍቲውን (ጠመንጃው እንዳይተኮስ የሚይዘውን) ያስገቡ፣ ቃታውን ጠበቅ አድርገው ይሳቡ፣ ይልቀቁት፣ ሴፍቲውን ያውጡ። መዶሻው በዚያ ቅጽበት ከወደቀ ቃታው ተነካክቷል። ካዝናውን አስገብተው በእጅ ወደ ታች ይጎትቱት፣ ይወዝውዙት። ሰደፉ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለስንጥቅ ይዩ። በመጨረሻም የአፈሙዙን ጫፍ ይመልከቱ፤ መኪና ወለል ላይ ሲንከባለል የኖረ ጠመንጃ ጫፉ ተጠርምሶ አረሩን ወደ ጎን ይመራዋል። ይኼ ግን ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፤ ጠጋኝ ጫፉን እንደገና ቆርጦ ያስተካክለዋል።

ከየት ጀምሬ ላመቻቸው?

ከሰደፉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ መነጽርና ቃታ ያስባል፤ ልኩ ያልሆነ ሰደፍ ግን ሁለቱንም ዋጋ ያሳጣቸዋል። የ7600 ሰደፍ ከቃታው እስከ ትከሻ መደገፊያው 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቀጭን ሸሚዝ የተለካ ሰደፍ በወፍራም ጃኬት ላይ ረጅም ይሆናል። ፓምፕ ላይ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፦ ሰደፉ ሲረዝም ግራ ክንድ ተዘርግቶ ያልቃል፤ እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት የሚመልሰው ጉልበት ይጠፋል፤ ቦልቱ ሳይዘጋ ይቀራል። ብዙ ጊዜ «ጠመንጃው ነከሰብኝ» የሚባለው ይኸው ነው።

የሚለካው እንዲህ ነው፦ የአደን ልብስዎን በሙሉ ይልበሱ። ባዶነቱን ያረጋገጡትን ጠመንጃ ዓይንዎን ጨፍነው ወደ ትከሻ ያምጡ፣ ከዚያ ዓይንዎን ይክፈቱ። መደገፊያው ብብት ላይ ተሰንቅሮ ከመጣ ረጅም ነው። ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ለብዙ ሰው ይበቃል። ሲያሳጥሩ የድሮውን ጠንካራ ላስቲክ አውልቀው 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ መደገፊያ ያስገጥሙ፤ የእንጨቱ አቆራረጥ የአዲሱን መደገፊያ ውፍረት ቀንሶ ይታሰብ። ጠመንጃው 3.4 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለሚመዝን .30-06 እና .35 ዌለን ትከሻን በደንብ ይመታሉ፤ ይህ መደገፊያ ከብዙ ውድ ጌጥ ይበልጣል።

መደገፊያው በወለቀበት አጋጣሚ ውስጡ ባለው ጥልቅ ቀዳዳ በረጅም ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሰደፉን የሚይዘውን ትልቅ ብሎን ያጥብቁ። እንጨት በደረቅ አየር ይኮማተራል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የላላ ሰደፍም በርግጫ ብዛት ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ይሰነጠቃል። የጠበቀ ይሁን፤ እንጨቱ እስኪጮህ ግን አይሁን።

መነጽር ወይስ የዓይን ማነጣጠሪያ?

ደን ውስጥ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት የሚያድን ሰው ከ1 እስከ 4 ወይም ከ1.5 እስከ 5 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ይበቃዋል። ገላጣ ቦታ ላይ ከ2 እስከ 7። ከዚያ በላይ የሚያጎላ መነጽር ክብደት ይጨምራል፣ በቅርብ ርቀትም የአውሬውን ጠጉር እንጂ አካሉን አያሳይም። መነጽሩ እስከ ዓይን ድረስ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚፈቅድ ይሁን፤ ያለዚያ በርግጫ ቅንድብ ይሰነጥቃል።

ሲጭኑ ለሞዴሉ የተሠራ መቀመጫ ይግዙ። ቀዳዳዎቹንና ብሎኖቹን በአልኮል ከዘይት ያጽዱ፣ የሚላላ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ አንዲት ጠብታ ያድርጉ፣ ከ1.7 እስከ 2.3 ኒውተን ሜትር ባለው ኃይል በመለኪያ መፍቻ ያጥብቁ። «ጠመንጃዬ መምታት አቆመ» ከሚሉት ብዙዎቹ የላላ የመቀመጫ ብሎን ያላቸው ናቸው። ቀለበቶቹ በተቻለ መጠን ዝቅ ያሉ ይሁኑ፤ ከዚያ በባዶ ቀለህ እያቀባበሉ የሚተፋው ቀለህ የመነጽሩን የጎን ማስተካከያ እንዳይመታ ይፈትሹ። ከሥሩ ቀዳዳ ኖሯቸው በዓይን ማነጣጠሪያ የሚያሳዩትን ከፍ ያሉ መቀመጫዎች አንመክርም፤ ጉንጭን ከሰደፉ ያነሳሉ፣ የፓምፑም ጥቅም እዚያው ይቀራል።

በበረዶና በዝናብ ዱካ ለሚከተል ሰው በጠመንጃው አካል ላይ የሚጫን የቀለበት ማነጣጠሪያ (ዓይን በቀዳዳ አሻግሮ የሚያይበት) ምርጥ ነው። አይጨልምም፣ ጉም አይዘውም፣ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ዓይን ሳይፈልግ መሃሉን ያገኛል።

ቃታው ከባድ ነው። ማቅለል እችላለሁ?

ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይስባል። ለአደን 1.6 ኪሎ ግራም አካባቢ ጥሩ ነው፤ ከ1.4 ማውረድ አያስፈልግም፤ በቀዘቀዘና ጓንት ባደረገ ጣት አደገኛ ነው። የቃታው ክፍል በሁለት ፒኖች ተይዞ በአንድነት ስለሚወጣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሊሞርደው ይፈተናል። አይሞርዱት። መዶሻውን የሚይዘው ጫፍ ጥቂት ብቻ ከተሞረደ እጀታው ወደ ፊት ሲመታ ጠመንጃው ራሱ ሊተኩስ ይችላል። ተስማሚ ስፕሪንግ ወይም የተዘጋጀ መለዋወጫ በጠጋኝ ያስገጥሙ፤ ከዚያ ባዶ ጠመንጃ ይዘው እጀታውን አሥር ጊዜ በኃይል ይዝጉ። አንድ ጊዜ እንኳ መዶሻው ከወደቀ ወደ ጠጋኙ ይመለሱ።

አሥር ጥይት የሚይዝ ካዝና ይጠቅማል?

ለአደን አይጠቅምም። የፋብሪካው አራት ይይዛል፣ ከሆድ ሥር ብዙ አይወጣም፤ ጠመንጃውን በአንድ እጅ መሃሉ ላይ ይዞ ለመሄድ ይመቻል። ረጅሙ በቁጥቋጦ ይጠለፋል፣ ልብስ ይይዛል፤ በአንዳንድ ግዛት ሕጉም አይፈቅደውም። ገንዘቡን ለሁለተኛ የፋብሪካ ካዝና ያውጡት። በሞዴልዎና በካሊበርዎ ስም የተሸጠውን ብቻ ይግዙ፤ የ.308 ካዝና ለ.30-06 አይሆንም። ካዝና ሲያስገቡ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካልሰሙ አልገባም፤ በግማሽ የተያዘ ካዝና ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ በረዶ ውስጥ ወድቆ ይቀራል።

በርሜሉን ላሳጥር? ካሊበሩን ልቀይር?

የካርቢኑ (የአጭሩ ዓይነት) በርሜል 18.5 ኢንች (47 ሴንቲ ሜትር)፣ የረጅሙ 22 ኢንች (56 ሴንቲ ሜትር) ነው። ረጅሙን ወደ 18.5 ማሳጠር ጠጋኝ የሚሠራው የተለመደ ሥራ ነው፤ የሚከፍሉት ትንሽ ፍጥነትና የባሰ ድምፅ ነው። በፌዴራል ሕግ ከ16 ኢንች በታች በርሜል ወይም በአጠቃላይ ከ26 ኢንች በታች ርዝመት ያለው ራይፍል አስቀድሞ ማመልከቻና ምዝገባ ስለሚጠይቅ ወደዚያ አይጠጉ። ካሊበር መቀየር ደግሞ እንደ ሬሚንግተን 870 ሾትገን (ቅንጣት አረር የሚተኩስ ጠመንጃ) በርሜሉን ነቅሎ ሌላ መሰካት አይደለም፤ የቦልቱና የጥይት ቤቱ ርቀት በመለኪያ መስተካከል አለበት። ሌላ ካሊበር ከፈለጉ ሌላ ጠመንጃ መግዛት ይረክሳል።

ቀለሁ ተጣብቆ አልወጣ አለ። ምን ላድርግ?

አፈሙዙን ደኅና ወደሆነ አቅጣጫ ይያዙ፣ ጣትዎን ከቃታ ያርቁ፣ ካዝናውን ያውጡ። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ካልተተኮሰ (ከከሸፈ) ሠላሳ ሰከንድ ሳይከፍቱ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ያልተተኮሰ ጥይት ተጣብቆ ከቀረ በምንም ዓይነት በትር ከአፈሙዙ በኩል አይግፉት፤ ጠጋኝ ያውጣው። ተተኩሶ ባዶ መሆኑን እርግጠኛ ከሆኑ ብቻ የማጽጃ በትር ከአፈሙዙ አስገብተው ሌላ ሰው እጀታውን እየሳበ በቀስታ መታ መታ ያድርጉት።

ከዚያ ምክንያቱን ይፈልጉ። የወጣውን ቀለህ በብርሃን አዙረው ይመልከቱት፦ በጎኑ ላይ ነጠብጣብ የመሰለ እብጠት ታትሞ ከሆነ የጥይት ቤቱ ተበልቷል። የጀርባው ጽሑፍ ተለጥጦ ወይም የመቺው ካፕሱል ተደፍጥጦ ከሆነ ጥይቱ ግፊቱ በዝቷል። ሁለቱም ከሌሉ የጥይት ቤቱ ቆሽሿል፣ ወይም እጀታው በፍርሃት በቀስታ ነው የተሳበው። ፓምፕ በልበ ሙሉነት ነው የሚሳበው፤ ከተኮሱ በኋላ ርግጫውን ተከትለው በአንድ ትንፋሽ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው፣ ወደ ፊት እስከ መጨረሻው። ባዶ ጠመንጃ ይዘው ቤት ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ይለማመዱት።

ጥይት ራሴ ብሞላ?

ይቻላል፣ ግን ለቦልት ጠመንጃ የሚሞላው ዓይነት ልቅ አካሄድ እዚህ አይሠራም። ቀለሁ አንገቱ ብቻ ሳይሆን ሙሉ አካሉ ወደ ልኩ መመለስ አለበት፤ ጥይቱ አሁንም ሲገባ ግትር ከሆነ የቀለሁን ሥር ይበልጥ የሚያጠብ ቅርጽ ማውጫ ይግዙ። እያንዳንዱን በቀለህ መለኪያ ይፈትሹ። ባሩዱን ከመመሪያው ከፍተኛ ልክ በታች ያድርጉ። የመጨረሻዋን የፍጥነት ጭማሪ የሚፈልግ ሰው ፓምፕ አይግዛ።

እንዴት ላስተካክለው (ኢላማ ላስይዘው)?

በመጀመሪያ 25 ሜትር ላይ መሃል እንዲመታ ያድርጉ፣ ከዚያ ወደ 100 ይሂዱ። በ.30-06፣ በ180 ግሬን ጥይት 100 ያርድ (91 ሜትር) ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢመታ 200 ያርድ ላይ ልኩ ላይ ያርፋል፤ 300 ያርድ ላይ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ደን ውስጥ ብቻ ለሚያድን 100 ላይ ልክ መሃል ማስያዝ ይቀላል።

ሦስት ጥይት ተኩሰው በርሜሉ በእጅ ለመያዝ እስኪመች ድረስ ያቀዝቅዙት። እጀታው የሚንቀሳቀስ አካል ስለሆነ ጠንካራ ድጋፍ ላይ አያሳርፉት፣ ወደ ኋላም አይሳቡት፣ ማንገቻም አይወጥሩበት፤ የሚያርፍበት ቦታና ግፊት በተለዋወጠ ቁጥር አረሩም ይለዋወጣል። እጅዎን የአሸዋ ከረጢት ላይ አድርገው እጀታውን በእጅዎ ላይ ያሳርፉ። ሦስት ጥይት ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካረፈ ጠመንጃው ጤነኛ ነው። አደን ላይ የሚቆጠረው የመጀመሪያው፣ ከቀዝቃዛ በርሜል የወጣው ጥይት ስለሆነ እሱ የት እንዳረፈ ለብቻው ይመዝግቡ።

አጸዳዱስ?

በርሜሉን ከጥይት ቤቱ ወደ አፈሙዝ በሚሳብ ገመድ ያጽዱ። የጥይት ቤቱን ደግሞ ለብቻው፦ ለ.30-06 እና ለ.308 የ.45 ሽጉጥ የነሐስ ብሩሽ በሚታጠፍ ዘንግ ላይ አድርገው በቀለህ መውጫው በኩል ያስገቡ፣ በማሟሟያ ነክረው አሥር ጊዜ ያህል ያዙሩት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ እስኪነጣ ይጥረጉ። የጥይት ቤት ውስጥ ዘይት አይተዉ፤ በዘይት የረጠበ ቀለህ ግድግዳውን ስለማይዝ ግፊቱን ሁሉ በቦልቱ ላይ ያሳርፈዋል። ለክረምት ማከማቻ ዘይት ቀብተው ከሆነ ከመተኮስዎ በፊት ያድርቁት። በብርድ ጊዜ ቦልቱና ዘንጎቹ ላይ ዘይቱ ስስ ይሁን፤ ወፍራም ቅባት ከዜሮ በታች እንደ ሙጫ ይሆናል።

ከአደን ስመለስ በምን ቅደም ተከተል ላራግፈው?

ሴፍቲውን ያስገቡ። ካዝናውን ያውጡ። የመልቀቂያ ቁልፏን ተጭነው እጀታውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡ፤ በጥይት ቤቱ ያለችው ጥይት ትወጣለች። ካዝናው ቢወጣም ይህች አንዲት ጥይት ውስጥ እንዳለች መኪና ውስጥ የሚገቡ ሰዎች አሉ። በዓይንና በጣት ይፈትሹ፣ ከካዝናው ውስጥ ያሉትን ይቁጠሩ፣ ያጎረሱት ቁጥር ከወጣው ጋር ይግጠም። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ብረቱ ያልበዋል፤ ስለዚህ ጠመንጃውን ከሣጥኑ አውጥተው፣ ቦልቱን ክፍት አድርገው፣ ተቆልፎ በሚጠበቅ ቦታ አንድ ሁለት ሰዓት ያድርቁት፣ ከዚያ ጠርገው ወደሚቆለፈው የጠመንጃ ሣጥን ይመልሱት።